ልዩ ክፍሉ ውስጥ ልዩ የሆነው ምንድን ነው?

የዛሬ ሦስት ዓመት የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ትንሽ ሰርግ ነገር ነበር። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን አሪፍ አድርጋ ስለሠራች ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆየን) "ልዩ ክፍል" መድቧት ነበር። ሰቃዮች ብቻ የሚገቡበት ክፍል ማለት ነው። አንዲት ጎረቤታችን "ማሻአላህ፣ ዶክተር ልትሆኚ ነው" ብለው ግንባሯን ሳሟት። እኔም በኩራት ከድርሻዬ በላይ ዳቦ በላሁ።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች። በቀደም ቁጭ ብለን ስናወራ "እስቲ እናንተ ክፍል ውስጥ ሌሎቹ የማይማሩት ምን ትማራላችሁ?" አልኳት። ዝም ብላ አሰበች። መዋሸት አትወድም።

"ቶሎ እንጨርሳለን" አለች።

ሌላስ?

"ወርክሺት ይበዛብናል።"

ሌላስ?

"ጋሼ፣ በቃ እሱ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም የኛ ከተማ ወላጅ ለዚህ ክፍል ይሟገታል፣ አማላጅ ይልካል፣ ልጁ ሳይገባ ሲቀር ያለቅሳል። የሚሟገትለት ነገር ግን ያው መጽሐፍ፣ ያው ፈተና፣ ያው ጥቁር ሰሌዳ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱና የወረቀቱ ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ልዩ የሆነው ክፍሉ ነው ወይስ እዚያ የተሰበሰቡት ልጆች?

ሌላ አገር ይህን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት እንይ። ኩረጃ ነውር የሚሆነው ፈተና ላይ ብቻ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ከፈለገ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት በር አለው። አንደኛው "ኦነርስ" የሚባለው ነው። ይሄ ከሁሉም ልል ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው አካል የለም፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ "ይሄ የኬሚስትሪ ክፍል ጠለቅ ይላል" ብሎ ይሰይመዋል። አንዱ ትምህርት ቤት ኦነርስ የሚለው ሌላው ጋ ተራ ክፍል ሊሆን ይችላል። ስሙ ትልቅ፣ ውስጡ እንደ መምህሩ። ከኛ ልዩ ክፍል ጋር የሚመሳሰለው ይሄኛው ይመስለኛል። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለው፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ኤፒ ነው፣ አድቫንስድ ፕሌስመንት። የተጀመረው በ1950ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ኤስኤቲ የተባለውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ወደ 40 የሚጠጉ ኮርሶች አሉት፤ ከካልኩለስ እስከ ሥነ ጥበብ ታሪክ። ልጁ ኮርሱን ዓመቱን ሙሉ ይማርና በግንቦት አካባቢ አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 እና ከዚያ በላይ ካመጣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች "ይሄን ኮርስ ወስደሃል" ብለው ይቆጥሩለታል፤ መራጭ የሆኑት 4 ወይም 5 ይላሉ። በአጭሩ ፍሬሽማን ላይ የሚወሰደውን ኮርስ ቀድሞ ገላገለው ማለት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ሲሠሩ ለኤፒ ክብደት ይጨምራሉ፤ ተራ ክፍል ውስጥ ኤ 4 ከሆነ፣ ኤፒ ላይ 5 ይቆጠራል። ስለዚህ ልጁ ከባዱን ኮርስ በመውሰዱ ውጤቱ እንዳይጎዳ ይታሰብለታል።

ሦስተኛው አይቢ ነው፣ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት። በ1968 በፈረንጆቹ ጄኔቫ ላይ የተቋቋመ ነው። ሁለት ዓመት፣ ስድስት ትምህርት፤ አብዛኛው ልጅ ሦስቱን ጠለቅ አድርጎ ሦስቱን በመደበኛ ደረጃ ይወስዳል። ከዚህ ጋር ልጁ ራሱ በመረጠው ጉዳይ ላይ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ ይጽፋል። የሚታረመው ከ45 ነው። ይሄ አገራችን ውስጥም አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩልና ሳንፎርድ ይሰጡታል። ክፍያውን ለደሴ ደሞዝተኛ ማውራት ግን ነገር ፍለጋ ነው፣ እንለፈው።

አራተኛው በር ደግሞ ገና ሁለተኛ ደረጃ እያለ አጠገቡ ያለ ኮሌጅ ሄዶ አንድ ሁለት ኮርስ መውሰድ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፣ ለኛ ከተማ የምትሆነው እሷ ናት።

አሁን ልብ በሉ። በአራቱም በር ልጁ ጠለቅ የሚለው በመረጠው የትምህርት ዓይነት ነው። ሂሳብ የሚሆንለት ልጅ ሂሳብ ላይ ከፍ ይልና እንግሊዝኛ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። ታሪክ የምትወድ ልጅ ፊዚክስ ላይ ደካማ ስለሆነች ከታሪኩ አትታገድም። እኛ ጋ ግን የሚደመረው የስምንተኛ ክፍል ጠቅላላ ውጤት ነው። ድምሩ ይታይና ልጁ ከነሙሉ አካሉ ልዩ ክፍል ይገባል፤ ወይም ከነሙሉ አካሉ ይቀራል። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ልዩነት ይሄ ነው። የእህቴ ልጅ የክፍል ጓደኛ የነበረ አንድ ልጅ አለ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን ነው የሚኖረው፤ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም፣ ስለ ኤሌክትሪክ ስትጠይቁት ዓይኑ የሚበራ። አማርኛና ሶሻል ዝቅ አድርጎበት ድምሩ አልበቃም። አሁን ሰባ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊዚክስ ይማራል። ይማራል ካልን።

እኛ አገር ያለው ዋናው ምርጫ አንድ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ናቹራል ወይስ ሶሻል። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ግዴታ ነው። እና እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ወረቀት ላይ ከታየ የኛ ትምህርት ከአሜሪካኖቹ ይከብዳል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ካልኩለስ አለው። አብዛኛው የአሜሪካ ተማሪ ካልኩለስ ሳይነካ ነው ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሰው፤ እዚያ መርጠው ለሚገቡበት ልጆች የሚሰጥ ነገር ነው። እኛ ጋ ናቹራል ለገባ ሁሉ ይደርሰዋል፣ ለፈለገውም ላልፈለገውም፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ላልገባውም። ሁሉም ከፍተኛ ትምህርት ይማራል፣ ማንም ጠልቆ አይማርም።

ውጤቱን ደግሞ እናውቀዋለን። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በገባበት በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው፣ እሰየው። ግን ከመቶ ልጅ ዘጠና ሁለቱ ገደማ አሁንም እየወደቀ ነው።

እዚህ ጋ "ታዲያ አንተ ስለ ከፍተኛ ኮርስ የምታወራው ምን ነክቶህ ነው? መጀመሪያ ዘጠና ሁለቱን አሳልፉ" የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የምሬን ነው፣ ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ከሌላው የባሰ ያዩ ከተሞች ናቸው፤ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ገብቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የሆነውን ለማንም አልነግርም፣ ሁሉም ያውቀዋል። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሳይቀር ተዘርፏል። ልጆቻችን ሌላው ሲፈተን አልተፈተኑም፣ በኋላ በሁለተኛ ዙር ነው የተቀመጡት። ከዚያ በኋላም ክልሉ ውስጥ በግጭቱ የተነሳ ትምህርት ቤት ያላየ ልጅ አለ፣ ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ከርሟል። በዚህ ሁሉ መሃል ስለ ሰቃይ ልጆች መጨነቅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

ግን ሁለቱ ችግሮች ሥራቸው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንን ለማስረዳት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ቁልቁለት፣ ከሐረጎ መውረድ አለብኝ።

ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ ይዤ ኮምቦልቻ ዘመድ ልንጠይቅ በሚኒባስ እየወረድን ነበር። ፊት ወንበር ደርሶን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠናል። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሰን፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቱን በክንዳችን ይዘን የምንወርድባት ያቺ መንገድ። ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ወርክሺት ዘርግታ የካልኩለሱን "ዴሪቬቲቭ" ትሠራለች። ፈጣን ነች፤ ኤክስ ካሬ ሁለት ኤክስ ይሆናል፣ ኤክስ ኪዩብ ሦስት ኤክስ ካሬ ይሆናል፣ እጇ እንደ ስፌት መኪና ነው። "ይሄ ነገር ምን ያደርጋል?" አልኳት። "ፈተና ላይ ይመጣል" አለች። "እሱማ ይመጣል፣ ግን ምን ማለት ነው?" ዝም። መምህሩን ጠይቃው እንደነበር፣ እሱም "ማረጋገጫው ማትሪክ ላይ አይመጣም፣ ፎርሙላዋን ያዢ" እንዳላት ነገረችኝ። መምህሩን አልፈርድበትም። እሱም የሚመዘነው በቁጥር ነው።

የሚኒባሱን ፍጥነት መቁጠሪያ አየሁት። አይሠራም። ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል (ከሐረጎ ቁልቁል በዚህ መኪና መውረዳችንን ለእህቴ እንዳትነግሩብኝ)። "እሺ፣ አሁን በስንት እየሄድን ነው?" አልኳት። "አይታወቅም፣ ተበላሽቷል።" "እንወቀው።"

መንገዱ ዳር የኪሎሜትር ድንጋይ አለ፣ አንዳንዱ ወድቋል እንጂ። ስልኳን አውጥታ ሰዓት ያዘች። ከአንዱ ድንጋይ እስከ ሌላው ሁለት ደቂቃ። በሰዓት 30 ኪሎሜትር። የሚቀጥለው ደቂቃ ተኩል፤ 40 ኪሎሜትር። "ግን እኮ ኩርባው ላይ ዝግ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ለቀቀው" አለች ራሷ። "ስለዚህ 40 የሚባለው የትኛዋ ቅጽበት ላይ ነው?" አልኳት። አሰበች። "ድንጋዮቹ በየመቶ ሜትሩ ቢሆኑ ኖሮ የተሻለ እናውቅ ነበር።" "በየአሥር ሜትሩስ?" "የበለጠ።" "በየአንድ ሜትሩስ?" ዝም አለች። ወደ ወርክሺቱ አየች። ወደ መንገዱ አየች። "ጋሼ፣ ሊሚት ማለት እኮ ይሄ ነው!" ብላ ስትጮህ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ድንጋዮቹን እያቀራረብን ስንሄድ ፍጥነቱ የሚጠጋው ቁጥር፣ ሊሚት እሱ ነው፤ ዴሪቬቲቭ የሚሉትም የዚያችን ቅጽበት ፍጥነት ነው።

ሦስት ዓመት ልዩ ክፍል ተቀምጣ፣ ስንት መቶ ዴሪቬቲቭ ሠርታ፣ ነገሩ የገባት የተበላሸ መኪና ውስጥ ነው። እኔ የሂሳብ ሰው አይደለሁም፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴሚስተር ተምሬ አብዛኛውን ረስቻለሁ። ያደረግኩት ነገር ቢኖር አርባ ደቂቃ አንድ ጥያቄ ላይ መቆየት ብቻ ነው። ልዩ ክፍሉ ያጣው ይህንን ነው። ተራው ክፍልም ያጣው ይህንኑ ነው። ሰቃዩ ልጅ ፎርሙላውን ሸምድዶ ያልፋል፣ ሌላው መሸምደድ አቅቶት ይወድቃል፣ የገባው ግን ሁለቱም ጋ የለም። ለዚህ ነው ሥራቸው አንድ ነው ያልኩት።

ፈተናው ራሱ እዚህ ላይ ድርሻ አለው። የኛ ማትሪክ ሙሉ በሙሉ ምርጫ ነው፣ ታጠቁራለህ ትሄዳለህ። በግምት አጥቁሮ ግማሽ ያመጣ ልጅ እና አውቆ ግማሽ ያመጣ ልጅ አንድ ናቸው። የኤፒ ካልኩለስ ፈተና ግን 45 የምርጫ ጥያቄና 6 በጽሑፍ የሚሠራ ጥያቄ አለው፤ ስድስቱ የሚይዙት የውጤቱን ግማሽ ነው። እዚያ ላይ መልሱን ብቻ መጻፍ አያዋጣም፣ እንዴት እንደደረስክበት ማሳየት አለብህ። መምህሩ ደግሞ ፈተናው ላይ የሚመጣውን ነው የሚያስተምረው፣ እዚያም ሆነ እዚህ። ፈተናው አስረዱ ካለ መምህሩ ማስረዳት ያስተምራል። ፈተናው አጥቁሩ ካለ ማጥቆር። በሚሊዮን የሚቆጠር ወረቀት በእጅ ማረም እንደማይቻል ይገባኛል፣ ስለዚህ ማትሪኩን ነገ ቀይሩት አልልም። ግን ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ሚድና ፋይናል እንኳ ወደ ምርጫ የለወጠ ትምህርት ቤት ምክንያቱን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ልዩ ክፍል ነጻ አይደለም። ገንዘብ ባይጠይቅም መምህር ይጠይቃል። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊዚክስ በደንብ የሚያስረዳ አንድ ሰው ካለ፣ ርዕሰ መምህሩ የሚመድበው የት ነው? ልዩ ክፍል። ምክንያቱም የትምህርት ቤቱን ስም የሚያስጠሩት እዚያ ያሉት ናቸው፣ ባነር ላይ ፎቷቸው የሚወጣው የነሱ ነው። ሌሎቹ ስድስት ሰባት ሴክሽኖች የተረፈውን ይወስዳሉ። ልጆቹም ያውቁታል። "እኛ ጋ የሚመጣው ቲቸር ሲደክመው ነው" አለችኝ አንዷ፣ ሳቅ ብላ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ራሷን የተረፈ ዕቃ አድርጋ ማየት ጀምራለች።

ከፍ ያለ ትምህርት ማለት የሌላውን ልጅ መምህር መውሰድ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ተቃዋሚ ነኝ። የእህቴ ልጅ ብትጎዳም። ይህን እህቴ ፊት አልልም።

ግን በተቃራኒው መንገድ የሄዱትንም አይተናል። ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ2014 በፈረንጆቹ "ልጆችን መለየት አድልዎ ይፈጥራል" ብላ ስምንተኛ ክፍል ላይ ይሰጥ የነበረውን አልጀብራ አነሳችው፤ ሁሉም እኩል ዘጠነኛ ላይ ይማር ተባለ። የሆነው ምንድን ነው? ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ ውጭ ከፍሎ አስተማረ፣ የሌለው ጠበቀ። ወላጆች ዓመታት ተሟግተው በ2024 አልጀብራው እንዲመለስ ተወሰነ። እኛም ጋ ልዩ ክፍል ብናፈርስ የሚሆነው ያው ነው። ፒያሳ ያለው ቱቶሪያል ቤት ይሞላል፣ አስጠኚ ቤት ድረስ የሚመጣለት ልጅ ይቀድማል፣ አባቱ ሸቀጥ ተሸክሞ የሚያድረው ልጅ ይቀራል። ነጻ የሆነው በር ሲዘጋ የሚከፈልበት በር ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። ክፍሉ ይፍረስ፣ ትምህርቱ ግን ይምጣ። መደበኛ ሰዓት ላይ ልጆቹ ተቀላቅለው ይማሩ፣ ጥሩው መምህር በየሴክሽኑ ይዙር። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት፣ በትምህርት ዓይነት፣ የፈለገ የሚገባበት ክፍል ይኑር። ደረጃ አይጠየቅ። የሬዲዮው ልጅ ፊዚክስ ብሎ ይምጣ። ከከበደው በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ይቀራል፣ ማንም አያባርረውም። እዚያ ወርክሺት የለም፤ አንድ ጥያቄ ተይዞ ሁለት ሰዓት ይታገሉታል።

መምህሩ ከየት ይመጣል? ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ አራተኛው በር ይሄ ነው። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ኮምቦልቻ ላይ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከደሴ ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ነው፣ ቁርስ በልተህ ወርደህ ለምሳ ትመለሳለህ። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ምህንድስና የሚያስተምሩ ሰዎች በየመንገዱ እናገኛቸዋለን፣ ማኪያቶ አብረውን ይጠጣሉ። ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባል ሥራ አለባቸው፤ ችግኝ ከመትከል ጎን ለጎን ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ፊዚክስ ማስተማር እዚያ ውስጥ ቢገባ ማን ይከፋል? ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ። ኬሚስትሪ ላይ ስለ መብላላት (ፈርመንቴሽን) ከመጽሐፍ የሚያነብ ልጅ ቢራ ፋብሪካው አጥር ሥር ያልፋል። (ሼኾችና ቀሳውስት እንዳትቆጡኝ፣ ስለ ኬሚስትሪው ነው የማወራው። የእርሾ ጉዳይ እንጀራም ላይ አለ።)

የሶሻል ልጆችንም አትርሷቸው። ልዩ ክፍል ሲባል ሁሉም ናቹራል ነው የሚያስበው፣ ሶሻል የገባ ሁሉ የወደቀ ይመስል። የአይቢ ልጆች የሚጽፉት 4,000 ቃል ጽሑፍ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ደሴ ውስጥ የሚኖር የሶሻል ተማሪ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ በእግሩ ሄዶ ያየዋል። የ1965 እና 66ን ረሃብ ያዩ አያቶች አሁንም በሕይወት አሉ። በ2014 የሆነውን ያየ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ አለ። አንድ ልጅ አያቱን አስቀምጦ ለአንድ ወር ቢጠይቅ፣ የሰማውን ከመጽሐፍ ጋር ቢያስተያይ፣ በራሱ ቃል ቢጽፈው፣ ይሄ ከየትኛውም ኦነርስ ክፍል አያንስም። እዚሁ ደሴ ያለው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ንቅናቄ ሰው፣ እነ ዋለልኝ መኮንንን ያፈራ ነው። በነሱ ሐሳብ ተስማማም አትስማማም፣ እነዚያ ልጆች ለፈተና የማይመጣ ነገር አንብበው ይከራከሩ ነበር።

ውጭ ለመማር የሚያስቡትን አንድ ነገር ልበላቸው፣ ምክንያቱም በቴሌግራም የሚነዛው ወሬ ልጆቹን እያስጨነቀ ነው። "ኤፒ ስላልወሰድክ አትቀበልም" የሚባለው ውሸት ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልጁን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ካቀረበለት ነገር አንጻር ነው፤ ትምህርት ቤትህ ኤፒ ከሌለው ለምን አልወሰድክም አይሉህም። ኤፒ ፈተናን ኮርሱን ሳይማሩ በግል መቀመጥ ይቻላል፣ እውነት ነው። ግን ከአሜሪካ ውጭ ለአንድ ፈተና ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ በብር አስሉትና ለእናታችሁ ንገሩ። ይልቅ ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ነጻ ነው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን ኮርስ በነጻ ከለቀቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን ቪዲዮውን አውርዶ መያዝ ይቻላል። ያንን ተምራችሁ አንድ ነገር ብትሠሩና ብትጽፉበት ከሰርተፍኬት ክምር ይሻላል። አገር ውስጥ ግን ሐቁን እወቁት፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የቱንም ያህል ጠልቃችሁ ብትሄዱ ፍሬሽማን ላይ ያው ሂሳብና ያው ኮሚዩኒኬቲቭ እንግሊዝኛ ይጠብቃችኋል። የሚቆጥርላችሁ የለም። የሚቀረው እናንተ ጋ ነው።

የሐረጎው ነገር እዚያ አላበቃም። ከኮምቦልቻ ስንመለስ ልጅቷ ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ "ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው፣ ፍጥነቱ የሚለወጥበት ፍጥነትስ?" እኔ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ኮምቦልቻ የሚያስተምር ጓደኛዬ ጋ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። አሥር ደቂቃ አወሩ። ሲጨርሱ "አብሽሪ፣ ቅዳሜ ነይ፣ በመሣሪያ እናየዋለን። ጓደኛ ካለሽም አምጪ" አላት። የሬዲዮውን ልጅ ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ወርደዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ እንጨት ጣውላ ላይ ኳስ እያንከባለሉ በስልክ ሲቀርጹ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ልጁ ከኋላ "ቆይ፣ ቆይ፣ እንደገና" ሲል ይሰማል።

ቅዳሜ ግን ልዩ ክፍሉ ቱቶሪያል አለው፣ ስም ይጠራል። ሦስት ጊዜ ቀሪ ተብላለች። ሰኞ ወላጅ አምጪ ተብላ መጥታለች። እህቴ ሥራ ስላለባት የምሄደው እኔ ነኝ።